አባባ የመረጧት ጥይት

ለምወድህ ወንድሜ ለጌዴዎን፣

እንደምን ከርመሃል? እጅህስ? የሥጋ ፋብሪካው ብርድ ጣቶቼን እያደነዘዘ ቢላዋ ያስጥለኛል ብለህ ነበር፤ ጓንት ደርብ ያልኩህን ሰማኸኝ ወይስ እንደ ልማድህ «እሺ» ብለህ ተውከው? ሳሉ ለቀቀህ? ካሮላይናን ወገቧ እንዴት አደረጋት? የአባባን ስም የያዘው ትንሹ ፍሪክ የአየርላንዶቹን ቋንቋ እንደ ጥሬ ይለቅመዋል ሲሉ ሰምቼ ደስ አለኝ፤ የእኛን እንዳይረሳ ግን እቤት ስትገቡ በእኛው አናግሩት። እናንተ ደህና ከሆናችሁ እኛም ደህና ነን ማለት ይቻላል። አባባ ደህና ናቸው። ልጄ ቪልና ከተማ አዳሪ ትምህርት ቤቷ ደህና ናት፤ የሚሰጧት ገንፎ ብቻ አልተስማማትም። የተረፉት ፍየሎችም ደህና ናቸው። ደህና ያልሆነው ዝናቡ ነው፤ እሱም የመጣ እንደሆነ ሰላምታህን አደርስልሃለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ታውቃለህ፣ አንተ ስትደውል አባባ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገው ጠረጴዛው መሃል ያስቀምጡታል። የምትልከውንም መልእክት ጮክ ብዬ የማነብላቸው እኔ ነኝ። ዓይናቸው በደከመ ቁጥር ጆሮአቸው እየበረታ ሄዶ በዚህ ቤት ከሳቸው የሚያመልጥ ነገር የለም። የጎረቤታችን የኦም ባረንድ ልጅ ሱዛና ወደናንተ አገር ልትሄድ መሆኑን ስሰማ፣ ይህን በእጇ ልስደድልህ አልኩ። አንብበህ ስትጨርስ እሳት ውስጥ ጨምረው፤ ካሮላይና ግን አንብባው ትጨምረው፣ ከሷ የምደብቀው የለኝም።

ለአዲሱ ጠመንጃ የትኛውን ዓይነት ጥይት መረጣችሁ እያልክ ስትጠይቀኝ ነገሩን ሳድበሰብስብህ ከርሜአለሁ። «ያቺን ፈጣኗን ስድስት ነጥብ አምስት ውሰዱ አላልኳችሁም? ምን ያህል ጊዜ ልንገራችሁ?» ብለህ ተቆጣህ። አልፈርድብህም። ደክሞኝ ነው። ዘንድሮ ያልደከመ ነገር የለም፤ የጉድጓዱ ውሃ መሳቢያ ደክሟል፣ መኪናው ደክሟል፣ እኔም ከነሱ ብዙም አልሻል። አንተ ስትሄድ ሁለት ዓመት ብቻ ብለህ ነበር። ልወቅስህ አይደለም፤ ድካሜ ነው የሚያናግረኝ፣ እለፈው። ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኩህ ግን ምርጫችን አይገባህም።

የአያታችንን ዘጠኝ ነጥብ ሦስት ጠመንጃ መቼም አትረሳትም። ጀርመኖቹ ጥለዋት የሄዱትን፣ ያቺን ወፍራም ጥይት የምትጎርሰውን። መጀመሪያ የተኮስክባት ቀን ከነሰደፏ አዙራ መሬት ላይ ዘርራህ፣ አፍንጫህ ደምቶ፣ አባባ ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ እማማ በማማሰያ አባረረቻቸው። አንተ ስትሄድና የአባባ ዓይን ዒላማ መያዝ ሲያቅተው ተኩሱ በእኔ ላይ ወደቀ። በአደን ወራት ጥለን በቋንጣ ያልሰቀልነውን እንስሳ፣ ዓመቱን ሙሉ የትም እንደማናገኘው ታውቃለህ። ስለዚህ ጥርሴን ነክሼ ተኮስኩ። አጋዘን በጣልኩ ቁጥር ትከሻዬ ለሳምንት ይበልዝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። አባባ ግን ማንቆርቆሪያውን በግራ እጄ ሳነሳ አይተው ኖሯል።

ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ባዶ ቀለህ በባሩድ መልሰው ከሚሞሉባት ጠረጴዛቸው አንድ ቆርቆሮ ጥይት አመጡልኝ። «እነዚህ ላንቺ ናቸው። ለስለስ አድርጌ ነው የሞላኋቸው፤ ለሜዳ ፍየልና ለቅርብ ዒላማ ይበቁሻል» አሉኝ። እንዴት እንደሚያደርጉት አንተም አጠገባቸው ቆመህ ልታይ ስትሞክር ተባረሃል፤ ቶሎ የሚነደውን ባሩድ ይወስዱና ትንሽ ብቻ፣ አንዲት መስፈሪያ ማንኪያ፣ የዚያ የትልቁ ቀለህ ታች ላይ ያደርጋሉ። የቀረው ባዶ ነው። ያኔ ጠመንጃዋ እንደ ባለጌ በቅሎ መራገጧን ትታ እንደ ግልገል ትገፋለች። እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ቆርቆሮ ሲሰጡኝ እንባዬ መጣ። በሕይወቴ አንድ ሰው ለእኔ አካል ብሎ የሆነ ነገር ሲለካ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ባለፈው ዓመት የአደኑ ወራት ሊያልቅ ሲል ነው። ከደረቁ ወንዝ ማዶ አንድ የሜዳ ፍየል ቆሞ አገኘሁ፤ ቅርብ ነበር። ከቆርቆሮው አንዷን አጎረስኩና ተኮስኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ነጭ ብርሃንና ፊቴን የለበለበኝ ነገር ነው። መቀርቀሪያዋ እንደተዘጋች ቀረች። ቀለሁ ከቂጡ ተሰንጥቆ እሳቱን ወደኋላ፣ ወደ ፊቴ ነው የተፋው። ኦም ባረንድ አጥር ሲጠግኑ ሰምተው ደረሱልኝና በመኪናቸው ክሊኒክ ወሰዱኝ። ሐኪሙ ያ አሮጌ ብረት ባይዝ ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ ጭንቅላትሽ ነበር አለኝ። እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም፤ ተርፌአለሁ። የቀኝ ዓይኔ ግን እስካሁን የሚያየው በወተት ውስጥ እንደሚያይ ሰው ነው፤ ጉንጬም ላይ ጠባሳ አለ። የምስል ጥሪ ስትደውል «ኔትወርክ የለም» እያልኩ የምዘጋብህ ለዚህ ነው። አትደንግጥ፤ ክር በመርፌ ማስገባት እንኳ ችያለሁ፣ በግራው።

ጠመንጃዋን በመዶሻ ቀጥቅጠው የከፈቷት ኦም ባረንድ ናቸው። ቀለሁን አገላብጠው አዩና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ሊዝቤት፣ ይቺ ሁለቴ የተሞላች ናት። ፍሪክ ሁለቴ ጨምሮባታል» አሉኝ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በዚያ ትልቅ ቀለህ ውስጥ አንድ ማንኪያ ባሩድም ታች ይተኛል፣ ሁለት ማንኪያም ታች ይተኛል፤ ከላይ ለሚያይ ልዩነት የለውም። አንዷን ጨምረው ሳሉ ውሻ ጮኸ፣ ተነስተው ወጡ፣ ተመልሰው ተቀመጡ፣ ጨመሩ። በቃ። በዚያ ሰሞን ገንፎው ላይም ጨው ሁለቴ መጨመር ጀምረው ነበር። እኔ ዝም ብዬ እበላ ነበር፤ ውሃ እየጠጣሁ።

ኦም ባረንድና እኔ ተያየን፤ ሳንነጋገርም ተስማማን። እቤት ስንገባ ኦም ባረንድ፣ «ፍሪክ፣ ብረቱ ነው፤ አርጅቷል። የመቶ ዓመት ብረት ምን ታደርገዋለህ?» አሏቸው። አባባ ጠመንጃዋን ተቀብለው ብዙ ጊዜ በእጃቸው ያዟት። «አዎ፣ ሁሉም ያረጃል» ብለው ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀሏትና ወደ መኝታ ቤት ገቡ። በማግስቱ ከዚያ ቆርቆሮ የተረፉትን ጥይቶች ልቀብራቸው ስሄድ ቆርቆሮው ባዶ ነው። ተናደው አሮጌው ጉድጓድ ውስጥ ጨመሯቸው ብዬ ተውኩት።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ነው እንግዲህ የጎዳኝ። ኦም ባረንድ ባዶ ቀለሆቻቸውን በሽሮፕ ቆርቆሮ ይዘው አባባ ባሩድ እንዲሞሉላቸው ማምጣታቸውን ተዉ። አንድ ቀን አባባ ሲጠይቋቸው ፊታቸውን ወደ ፍየሎቹ አዙረው «ዘንድሮ ከሱቅ ገዛሁ» አሏቸው። ኦም ባረንድ ከሱቅ ጥይት ሲገዙ አይተህ ታውቃለህ? እሳቸው እኮ የልጃቸውን ሠርግ ልብስ ራሳቸው የሰፉ ሰው ናቸው። ከሳቸው በኋላ ከወንዙ ማዶ የሚመጡትም ቀሩ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። ሜዳው ግን ጆሮ አለው። ከዚህ እስከ ከተማው ድረስ ባለው እርሻ ሁሉ «የኦም ፍሪክ እጅ» ይባል እንዳልነበር፣ የሳቸውን ጥይት ያጎረሰ ዒላማውን አይስትም ይባል እንዳልነበር፣ አሁን ደጃችንን የሚረግጥ ጠፋ።

አባባ ግን በየጠዋቱ የጥይት መግጠሚያ መሣሪያቸውን በጨርቅ ይወለውላሉ፣ የባሩድ ሚዛኗን ይፈትሻሉ፣ መልሰው ይሸፍናሉ። ውሻ በጮኸ ቁጥር ባርኔጣቸውን አድርገው ይነሳሉ። መኪናው ያልፋል። ባርኔጣቸውን አውልቀው ይቀመጣሉ። ይህን በየቀኑ ማየት አንጀቴን በላው ወንድሜ። ከዓይኔ ይልቅ ይህ ነው ያመመኝ።

አሁን በእኔ ቦታ ሁነህ አስበው። «አባባ፣ ከእንግዲህ ጥይት አይሙሉ» ልበላቸው? እማማ አልፋለች፣ አንተ የለህም፣ ዓይናቸው ከድቷቸዋል። የቀረቻቸው ያቺ ጠረጴዛ ናት። እሷን ከወሰድኩባቸው የአደኑን ወራት የሚደርሱ አይመስለኝም። ዝም ብዬስ ብተዋቸው? በሚቀጥለው የማን ፊት ነው? ቪልና ዘንድሮ መተኮስ ልማር እያለች ነው። ይሄን ሳብሰለስል ነው አንድ ዓመት የደከመኝ።

አንተ የጠመንጃውን ገንዘብ ስትልክ ደግሞ አማካሪው በዛ። የአንተን ምክር ለአባባ አነበብኩላቸው፤ ስድስት ነጥብ አምስቷ ከሩቅ ተራራ ላይ እንኳ እንደ ገመድ ቀጥ ብላ እንደምትሄድ፣ ነፋስ እንደማይገፋት። እሺ ወንድሜ፤ ከእኛ ደጅ እስከ ሩቁ ተራራ ድረስ ያለው እንስሳ የራሳችን ፍየል ነው። ቀለሟንና መልኳን አደነቅኩ፣ ግን ቀለሆቿን ከተማ ሄጄ ብጠይቅ ባለሱቁ «ከውጭ ይመጣል፣ ጠብቂ» አለኝ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው። አባባ የአንተን መልእክት ሰምተው ምን አሉ መሰለህ? «ጌዴዎን ሥጋ በመንጠቆ ተሰቅሎ ሲመጣለት ጊዜ ነው እንዲህ የሆነው። እኔ ዓይኑን ያላየሁትን እንስሳ ተኩሼ አላውቅም» አሉ። ሳቁም። ከስንት ጊዜ በኋላ ስለሳቁ ምክርህ ከንቱ አልቀረም።

ኦም ባረንድ ደግሞ ሠላሳ ዜሮ ስድስት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አሉ። «ለአጋዘን ይሆናል፣ ለሳላ ይሆናል፣ ለከርከሮ ይሆናል፤ ቀለሁ በየመንገዱ ተበትኖ አለ። ምን ሌላ ትፈልጊያለሽ፣ ባል ነው እንዴ የምትመርጪው?» አሉኝ። ባልስ ቢሆን፣ ያኔም እንዲሁ ቸኩዬ አልነበር የመረጥኩት? ብቻ ምክራቸው እውነት ነበር። እሺ ልል ምንም አልቀረኝም። አንድ ቀን የሳቸውን ጠመንጃ ይዘውልኝ መጡና ከጓሮ በኩል ድንጋይ ላይ ተኮስኩ። ከአያታችን ጠመንጃ ይሻላል፣ ግን ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ሳላስበው ፊቴን አጨማደድኩ። አባባ ወንበራቸው ላይ ሆነው አዩኝ። «ግድ የለም ልጄ፣ ላንቺ ለስለስ አድርጌ እሞላልሻለሁ» አሉ።

ያን ሲሉ ጠመንጃውን ለኦም ባረንድ መለስኩላቸው። ለስለስ ማድረግ ማለት ትንሽ ባሩድ ማለት ነው፤ ትንሽ ባሩድ ማለት ቀለሁ ውስጥ ባዶ ቦታ ማለት ነው፤ ባዶ ቦታ ማለት ደግሞ ሁለተኛው ማንኪያ የሚደበቅበት ማለት ነው። አባባ ለእኔ ከማዘን አይመለሱም። ስለዚህ የሚያስፈልገኝ ማለሳለስ የማያሻት ጥይት ናት፤ ሙሉ ሆና የማትመታኝ፣ ስትሞላም ልክ ሙሉ የምትሆን። ስለ ፍጥነቷና ስለ ዘልቃ መግባቷ ወንዶቹ ይጨነቁ፤ እኔ የምመርጠው የቀለሁን ሆድ ነው አልኩ።

ታንቲ ሶፊ፣ የሟቹ የኦም ፔትሩስ ሚስት፣ ባሏ የተዉላትን ሰባት በሃምሳ ሰባት ጠመንጃ ልሸጥ ነው ስትል የሰማሁት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ነው። ጥይቷ ከቀጭኖቹም ከወፍራሞቹም ያልሆነች፣ የመሃል ጥይት ናት፤ እዚህ ሰው ሁሉ ያውቃታል፣ ግን «የአያቶች ነገር» እያሉ ይንቋታል። አንድ ባዶ ቀለህ ለመንኳትና ይዤ ተመለስኩ። አባባ ከምሳ በኋላ ጋደም ሲሉ ጠረጴዛቸው ጋ ሄድኩ። ሌባ የሆንኩ መሰለኝ። ቀስ ብሎ የሚነደውን ባሩድ የአሞላል መጽሐፉ ለዚህች ጥይት በሚያዘው ልክ መዝኜ ጨመርኩ። እስከ አንገቷ መጣ። ከዚያ ሁለተኛውን ጨመርኩ። ሁሉም ወጥቶ ቆርቆሮው ትሪ ላይ ፈሰሰ፤ ድምፁን ዓይነ ስውር እንኳ ይሰማዋል። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ከደስታም አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ የተሸከሙትን ነገር ሲያስቀምጡ ክንድ እንደሚንቀጠቀጠው ነው።

ለአባባ ግን ሌላ ሌላውን ምክንያት ደረደርኩላቸው። ታንቲ ሶፊ ከጠመንጃው ጋር አንድ ሳጥን ቀለህ ትሰጠናለች፤ እውነት ነው። ትከሻዬን አይመታኝም፤ ተኩሼ አይቻለሁ፣ እንደ ጥጃ ነው የምትጎስመኝ። ለቪልናም ትሆናለች። ሁሉም እውነት ነው፣ ዋናውን ብቻ አልነገርኳቸውም። እንዲህ ያለው እውነት ከውሸት ይልቅ ይከብዳል። «አጋዘንን ትጥላለች ወይ?» አሉኝ። «አጋዘን ልቡን ከተመታ የጥይቷን ውፍረት አይጠይቅም ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?» አልኳቸው። «እኔ ነኝ እንዴ? ጥሩ ብያለሁ» አሉና ነገሩ በዚያው አለቀ።

ፖሊሶቹ የጠመንጃውን ፈቃድ ወደ ስማችን ለማዞር እስኪሰለቸኝ አመላለሱኝ። በመጨረሻ ሰባቷ እቤት ገባች። አባባ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመሙላት ሲቀመጡ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሱ፤ እጃቸውን ታጠቡ፣ መነጽራቸውን ወለወሉ። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ፀሐዩ በመስኮት ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ቀለሆቹን ባለ ቀዳዳው እንጨት ላይ ደርድረው፣ መለኮሻዎቹን ከቂጣቸው አስገብተው፣ አንድ በአንድ ባሩድ ይጨምሩ ጀመር። እኔ የቪልናን ቀሚስ እየጠገንኩ አጠገባቸው ነኝ፤ ማየት ስለማይፈቀድ አንገቴን ደፍቻለሁ።

መሃል ላይ ውሻው ጮኸ። አባባ ማንኪያውን አስቀምጠው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው ወደ በሩ ሄዱ። መኪናው አለፈ። ተመልሰው ተቀመጡ። ማንኪያውን አነሱና ጨመሩ።

ወዲያው ትሪው ላይ ሲንሿሿ ሰማሁ። ጠረጴዛውን አልፎ ሱሪያቸው ላይ ሳይቀር ፈሰሰ። እኔ ቀና አላልኩም፤ መርፌዬ ጨርቁ ላይ እንደተሰካች ቀረች። ከዚያ ለመጥረጊያ የሚይዟትን የጅግራ ላባ አንስተው ባሩዱን ቀስ እያሉ ወደ ሚዛኗ ሳህን ሲጠርጉት ሰማሁ፤ አንዲት ፍሬ ሳያስቀሩ።

«ሊዝቤት» አሉኝ።

«አቤት አባባ።»

«ይቺን ጥይት የመረጥሻት ለአጋዘን አይደለም።»

እንባዬ ቀደመኝ። እሳቸውም ወደኔ ሳያዩ፣ ያን ዕለት፣ እኔ ክሊኒክ ሳለሁ፣ ከቆርቆሮው የተረፉትን ጥይቶች ሁሉ በጉጠት እየነቀሉ እንደፈቷቸው ነገሩኝ። «አንዷ ውስጥ ደግሞ ሁለት ማንኪያ አገኘሁ። ብረቱ አርጅቶ ነው ስትሉኝ ልጄና ጎረቤቴ ለእኔ ሲሉ ዋሹ ብዬ ሆዴ ውስጥ አስቀረሁት። ዓይንሽን ባየሁ ቁጥር…» አሉና አልጨረሱትም። ዓመቱን ሙሉ ያውቁ ነበር ጌዴዎን። ያን መግጠሚያ በየጠዋቱ ሲወለውሉ እያወቁ ነበር። እኔ ከሳቸው ስደብቅ፣ እሳቸው ከኔ ሲደብቁ፣ በአንድ ጠረጴዛ ዓመቱን ሙሉ ጨው የበዛበት ገንፎ በላን።

ከዚያ አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉና፣ «ያን የእጅ ባትሪ አምጪው። እኔ እጨምራለሁ፣ አንቺ እያንዳንዷን እያበራሽ ታያለሽ። የአንቺ አንድ ዓይን ከኔ ሁለቱ ይሻላል» አሉኝ። ይህን ማን አለ ትላለህ? አባባ! እማማ እንኳ ሲሞሉ ከኋላቸው በቆመች ጊዜ ምን ይሏት እንደነበር ታስታውሳለህ። ባትሪውን አመጣሁ። አበራሁ። ባሩዱ ሁሉም ላይ እኩል አንገታቸው ጋ ነበር። «ጥሩ ነው» ስል «እንደገና እይ» አሉኝ። እንደገና አየሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት አባባ ራሳቸው ኦም ባረንድን አስጠሩና፣ «አሁን እዚህ ቤት ጥይት የሚሞሉት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ይጨምራል፣ አንዷ ታያለች። ካልተማመንክ ከሱቅህ ግዛ» አሏቸው። ኦም ባረንድ ወደ መኪናቸው ተመለሱ። ተቀየሙ ስል፣ የሽሮፑን ቆርቆሮ በሁለት እጃቸው ታቅፈው መጡ። ለካ ከነቀለሁ ዓመቱን ሙሉ ከመኪናው ወንበር ሥር ነበር ያስቀመጡት።

አጋዘንም ጥያለሁ። የቀኝ ዓይኔ እምቢ ስላለኝ በግራ ትከሻዬ ነው የምተኩሰው፤ መቀርቀሪያዋ በተቃራኒው ሆኖብኝ እጄን አሻግሬ ስስብ አባባ «ይሄ ተኩስ ነው ወይስ ቅማል ቆጠራ?» እያሉ ይስቁብኛል። ግን ወደቀልኝ። ቋንጣው ጓዳው ውስጥ ተሰቅሏል። ከሱዛና ጋር ልልክልህ ነበር፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይቀሙሻል ስላሏት ያንተን ድርሻ እኔ እየበላሁልህ ነው።

አሁን የምለምንህ አንድ ነገር አለ። ይህን ስጽፍ አባባ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ምን እንደምጽፍ ጠየቁኝ፤ ስለ ጥይቷ ነው አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «የመረጥኳት እኔ ነኝ ብለሽ ጻፊለት። ለእኔ ስትይ ዓመት ሙሉ ዋሽተሻል፤ አሁን ደግሞ ስለኔ ለወንድምሽ አንዴ ብትዋሺ ምን ይለዋል?» አሉኝ። እሺ አልኩ። እንደማየው አሁን ያንን እየጻፍኩ ነው ብለው ያምናሉ። እኔ ግን ላንተም ልዋሽ አቅሙ የለኝም፣ ደክሞኛል፤ ስለዚህ እውነቱን ጽፌልሃለሁ፣ ውሸቱን አንተ ተረከበኝ።

ለካሮላይና ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ወገቧን በሞቀ ጨርቅ ትሰር። ትንሹን ፍሪክ ስለኔ ጉንጩን ሳምልኝ። ቪልና አጎቴ በጣም ናፍቆኛል ትላለች፤ ያንን ቀይ ሹራብ ላክልኝ የምትለውን ግን አትስማት። ኦም ባረንድ ሱዛናን እንደ እህትህ እይልኝ ብለዋል። ታንቲ ሶፊ በጸሎቷ ታስብሃለች። አባባ ሰላም ይሉሃል፤ ስለ ስድስት ነጥብ አምስቷም ይቅር ብዬሃለሁ ብለዋል።

ስትደውል ስልኩ ጠረጴዛው መሃል ይሆናል። እኔም አጠገቡ እሆናለሁ። ስለ እኔ ዓይን አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ። መጀመሪያ «አባባ፣ ጥሩ ጥይት መርጠዋል» በላቸው።

እህትህ ሊዝቤት

ድሪቦም እርሻ፣ ከሬሆቦት ወዲያ፣ ናሚቢያ
ሐምሌ ወር ማለቂያ፣ 2022 እ.ኤ.አ.